ልጄ በአያቱ ስም ይጠራል፤ እኔ ጅዳ ነኝ

የጠያቂያችን ደብዳቤ (አጥሮ የቀረበ)፦

"ሰላም ለእናንተ ይሁን። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ አሁን ጅዳ በሹፌርነት እሠራለሁ፤ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) አለኝ። ከልጄ እናት ጋር የተዋወቅነው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ስንሠራ ነው። አንድ ክፍል ተከራይተን ከዓመት በላይ አብረን ኖርን። እሷ ክርስቲያን፣ እኔ ሙስሊም ነኝ። ቤተሰብ እስኪለሳለስ እንጠብቅ ብለን ኒካህም ሰርግም አላደረግንም። ጥር 2012 ወደ ሳዑዲ ስወጣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሚያዝያ ላይ ደሴ፣ አባቷ ቤት ሆና ወንድ ልጅ ወለደች። ብር እልክ ነበር፤ አብዛኛውን በሰው እጅ፣ ሌላውን በወንድሟ ሒሳብ። ጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ ስልኩ ሁሉ ጠፋ፣ እነሱም ወደ አዲስ አበባ ሸሹ። ከዚያ በኋላ እኔም ሥራ ተበላሽቶብኝ ሳልደውል ብዙ ቆየሁ። ስደውል ኢሞዋን ዘጋችብኝ።

አሁን ሌላ ሰው ሊያገባት ነው ሲሉ ሰማሁ። ልጁ የሚጠራው በአያቱ ስም ነው፤ በመስከረም አንደኛ ክፍል ይገባል። ወንድሟን ባነጋግረው 'ልጁ አባት አለው፣ አያቱ ናቸው' አለኝ። ዘመዶቼ አምስት ዓመት ስለሞላው ለአባቱ ይገባል፣ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ክሰስ ይሉኛል። እናቴ ደግሞ 'ለሽርሽር ብዬ ላምጣውና እኔ ጋ ይቅር' ትላለች። ሰርግ ሳልደግስ አባት ነኝ ማለት እችላለሁ? ጅዳ ሆኜስ?"

መልስ፦

ወንድሜ፣ በደብዳቤህ መጨረሻ አካባቢ ከጻፍከው ልጀምር፤ አስቸኳዩ እሱ ነው። ዛሬውኑ እናትህ ጋ ደውልና ልጁን "ለሽርሽር" ብለው እንዳያመጡት ንገራቸው። ናፍቆታቸው ይገባኛል። ልጃቸው ባሕር ማዶ፣ የልጅ ልጃቸው ደግሞ የሐረጎን ዳገት ወጥተው በአንድ ታክሲ በሚደርሱበት ከተማ ሆኖ ሳያዩት መክረማቸው ከባድ ነው። ግን ተወልዶ ካደገበት ቤት ልጅን አታልሎ መውሰድ በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል። በወንጀል ባያስጠይቅ እንኳ ነገ ፍርድ ቤት ስትቀርብ የእናቱ ጠበቃ ሌላ ማስረጃ መፈለግ አያስፈልገውም፤ "እነዚህ ሰዎች ልጁን ይሰውሩታል" ካለ በቃ። ልጁም ቢሆን ስለ አባቱ ወገን የሚያውቀው የመጀመሪያ ነገር አንድ የማያውቃቸው ሴት ከእናቱ ነጥለው እንደወሰዱት ይሆናል። ይህን በኋላ በመጫወቻ ብዛት አትፍቀውም።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ሰርግ ሳልደግስ አባት ነኝ ማለት እችላለሁ ወይ ብለሃል፤ ትችላለህ። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሚሠራው የአማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ከሚሠራው ከፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ጋር በአብዛኛው ይመሳሰላል። ለአባትነት መንገዱ ጋብቻ ብቻ አይደለም። ወንድና ሴት ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው ሲኖሩ ሕጉ ያንን ኑሮ ያውቀዋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ አብሯት የኖረው ሰው ነው ተብሎ ይገመታል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች ከጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት አላቸው ይላል። ስለዚህ "ኒካህ የለንም፣ ምን አፍ አለኝ" የሚለውን ተወው።

ጉዳይህ የሚጀምረው እንግዲህ ኮምቦልቻ ከተከራያችሁት ክፍል ነው። ልጁ የተፀነሰው እዚያ አብራችሁ ስትኖሩ ከሆነ ማስረዳት ያለብህ ያንን አብሮ መኖር ነው። የሚያስረዳው ደግሞ ሰው ነው። አከራያችሁ በሕይወት አሉ? ግቢው ውስጥ ውሃ አብራችሁ የቀዳችሁ፣ ቡና የተጠራራችሁ ጎረቤቶች የት ገቡ? ፋብሪካ ውስጥ አብራችሁ ትገቡና ትወጡ የነበረው ጓደኛህ ይመሰክራል? ፍርድ ቤት የሚፈልገው አንድ ክፍል ውስጥ ማደራችሁን ብቻ አይደለም፤ ዘመድና አካባቢው "ባልና ሚስት" ብሎ ያያችሁ እንደነበር ነው። አከራይዋ "ባለቤትሽ ከሥራ አልገባም?" እያሉ ይጠይቋት ከነበረ፣ ያቺ ተራ ጥያቄ ዛሬ ትልቅ ምስክርነት ናት። ወረቀትም ፈልግ። ነፍሰ ጡር ሳለች ጤና ጣቢያ ክትትል አድርጋ ከሆነ ካርዷ ላይ ስምህ በባልነት ተጽፎ ይሆናል። አብራችሁ የተነሣችሁት ፎቶ፣ ከጅዳ የላክህላትና እሷም ስለ ልጁ የመለሰችልህ የድምፅ መልእክት ካለ፣ ስልክህ ከመበላሸቱ በፊት ሌላ ቦታ አስቀምጠው። ከመልእክቶቹ መካከል "ልጅህ ጥርስ አወጣ" የምትል አንዲት እንኳ ብትገኝ ከሦስት ገጽ አቤቱታ ትበልጣለች።

ሁለተኛው መንገድ ልጅነትን መቀበል ነው። አባትየው "ይህ ልጅ የእኔ ነው" ብሎ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ ወይም ሥልጣን ባለው አካል በተረጋገጠ ጽሑፍ፣ ወይም በኑዛዜ ይናገራል። ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ ኢሞ ላይ ማልቀስ ለዚህ አይበቃም። ግን እዚህ ላይ ብዙ አባቶች የማያውቁት ነገር አለ፦ የአንተ ቃል ብቻውን አይሠራም፣ የልጁ እናት እውነት ነው ብላ መቀበል አለባት። ሕጉ ይህን ያደረገው ማንም ተነሥቶ የሰው ልጅ የእኔ ነው እንዳይል ነው። ስለዚህ ዛሬ ኢሞዋን የዘጋችብህ ሴት ፊርማ ከማንኛውም ጠበቃ ይልቅ ነገርህን ያቀልልሃል። ይህን አስቀድመህ እያሰብክ ነው ወንድሟን ማነጋገር የነበረብህ።

እሷ ካልተቀበለች ደግሞ በፍርድ ቤት አባትነትን የማስወሰን መንገድ አለ። የፌዴራሉ ሕግ አባትነት በፍርድ የሚታወጅባቸውን ሁኔታዎች ሲዘረዝር፣ አባትነቱን በማያሻማ ሁኔታ የሚያሳዩ ደብዳቤዎችና ጽሑፎች ሲኖሩ፣ እንዲሁም ሰውየው በአባትነት ልጁን በመቀለብ፣ በመንከባከብ ወይም በማስተማር ተሳትፎ ሲገኝ የሚሉ አሉበት። ይህን ስታነብ ወዲያው ስለ ብርህ ማሰብ ነበረብህ። ብዙውን በሰው እጅ ልከሃል። ያደረሰልህ ሰው የት አለ? ቃሉን ይሰጥልሃል? በወንድሟ ሒሳብ ያስገባኸው ግን ባንክ ውስጥ ዱካ አለው፤ የባንኩን መግለጫ አስወጣ፤ ወሩና መጠኑ ይታያል። ከዛሬ ጀምሮ ለልጁ የምትልከው አንድ ሪያል ቢሆንም በባንክ ይሁን፣ ምክንያቱ ላይም "ለልጄ ወጪ" ተብሎ ይጻፍ። በሐዋላ ሰው በኩል የተሻለ ምንዛሬ ታገኝ ይሆናል፤ ደረሰኝ ግን አታገኝም።

ጅዳ ሆኜስ ላልከው፣ ጅዳ የኢትዮጵያ ቆንስላ አለ። ልጅነትን መቀበልም ሆነ ውክልና እዚያ ልትፈርም ትችላለህ፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጁ (760/2004፣ በ1049/2009 የተሻሻለው) በውጭ ያሉ የኢትዮጵያ ሚሲዮኖች ለዜጎች የመመዝገብ ሥራ እንዲሠሩ ያደርጋል፤ ልጅነትን መቀበልና አባትነት በፍርድ መወሰንም ከሚመዘገቡት ኩነቶች ውስጥ ናቸው። ኮምቦልቻ ላለው ወንድምህ ውክልና ስጠው፤ ወንድም በፍርድ ቤት ሊወክል ይችላል፣ አቅም ካለህ ጠበቃ ይጨመርበት። ቆንስላው ያረጋገጠውን ውክልና ወንድምህ አዲስ አበባ ይዞ ሄዶ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎም ሰነዶች ማረጋገጫ ያስመታዋል። "ጉዳዬን ሁሉ እንዲከታተልልኝ" የሚል ጠቅላላ ውክልና እንዳትልክ። እንዲህ ያለ ከሰው ማንነት ጋር የተያያዘ ነገር በስሙ ተለይቶ መጻፍ አለበት፦ አባትነትን ለማስረዳትና ለማስወሰን፣ የልደት መዝገብ እንዲታረም ለመጠየቅ፣ ከልጁ ጋር የመገናኘትና የቀለብ ጉዳይ ላይ ለመከራከርና ለመስማማት። "ለመስማማት" የሚለው ቃል ከጎደለ ወንድምህ ችሎት ቆሞ እሺ ማለት ሲያስፈልገው ከጅዳ ሌላ ወረቀት መጠበቅ ይኖርበታል።

አሁን ስለ አምስት ዓመቱ። ዘመዶችህ ያሉት ነገር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ስለ ፍቺ ሲናገር፣ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር ልጆች እስከ አምስት ዓመት ከእናታቸው ጋር ይሁኑ ይል ነበር። ከአምስት በኋላ ለአባት ይሰጡ ብሎ ግን አያውቅም፤ ያንን የጨመረው የቡና ወሬ ነው። የአሁኑ ሕግ ደግሞ እንዲህ ያለ ቁጥር የለውም። ዳኛው የሚያየው የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና የኑሮ ሁኔታ፣ የልጁን ዕድሜና ጥቅም ነው። ልጁ ደሴ ነው፣ አንተ ጅዳ ነህ፣ ሹፌር ነህ፣ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነህ። ልጁን ለእኔ ብትል የምትሰጠው ለእናትህ ነው። ዳኛው ይህን ለማየት መነጽር አያስፈልገውም። ወደ ሳዑዲ ላምጣው ብትልም ቤተሰብ ለማስገባት እዚያ ከሚጠየቀው አንዱ የጋብቻ ውል ነው፤ እሱ የለህም።

ሸሪዓ ፍርድ ቤት ክሰስ የሚሉህም በሁለት ነገር ይሳሳታሉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት የሃይማኖት ፍርድ ቤት የቤተሰብን ጉዳይ የሚያየው ተከራካሪዎቹ ሁለቱም ሲፈቅዱ ነው። የልጅህ እናት ክርስቲያን ናት፤ አልፈቅድም ካለች እዚያው አለቀ። ፈቀደች እንበል፤ በሸሪዓ የልጅ ዘር የሚያያዘው ከኒካህ ጋር ነው፣ አንተ ደግሞ ኒካህ የለኝም ብለህ ጽፈህልኛል። ራስህ ባመንከው ነገር የሚዘጋብህን በር ለምን ታንኳኳለህ? ያንተ ቦታ ልጁ የሚኖርበት የደሴ ከተማ ወረዳ ፍርድ ቤት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚጠቅምህ አንቀጽ አለ። ኢትዮጵያ በ1983 የተቀበለችውና በአዋጅ ቁጥር 10/1984 ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን፣ በአንቀጽ 10 ወላጆቹ በተለያዩ አገሮች የሚኖሩ ልጅ ከሁለቱም ጋር በየጊዜው በግልና በቀጥታ የመገናኘት መብት አለው ይላል። ይህ አንቀጽ የተጻፈው ለእንደ አንተ ዓይነቱ ሁኔታ ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረትም የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ግን ቀስ ብለህ አንብበው። መብት አለው የተባለው ልጁ ነው። አንተ የምትቆመው በእሱ መብት ላይ ተደግፈህ ነው። ስለዚህ አቤቱታህ "ልጄን ተከለከልኩ" ብሎ ከሚጀምር "ልጁ አባቱን የማወቅ መብት አለው" ብሎ ቢጀምር ይሻልሃል፤ ለሰሚው ስለሚያምር ብቻ አይደለም፣ ዳኛው የሚመዝንበት ሚዛን ያው ስለሆነ ነው።

ሚዛኑ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ማወቅ ከፈለግህ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠውን ውሳኔ ጠበቃህ ያሳይህ። ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደገችው አክስቱ ነበረች፤ ብዙ ዓመት ርቆ የቆየው ወላጅ አባት መጥቶ ሞግዚትነት ለእኔ ይገባል አለ። የሥር ፍርድ ቤቶች አባትነቱን አይተው ፈረዱለት። ሰበር ችሎቱ ግን ጥቅምት 2000 ላይ ከአባትየው መብት የልጁ ጥቅም ይቀድማል ብሎ ያንን ሻረው። የሰበር ትርጉም ደሴ ያለውንም ዳኛ ይገዛል። ይህን ያነሣሁት ላስፈራራህ አይደለም። በዚያ መዝገብ የተሸነፈው የጠየቀው ልጁን ለመውሰድ ነው። አንተ የምትጠይቀው ሌላ ከሆነ ውጤቱም ሌላ ሊሆን ይችላል።

ምን ጠይቅ ነው የምትለኝ ካልክ፦ አባትነትህ ይረጋገጥ። የልደት መዝገቡ ይስተካከል፤ ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ቀበሌው የሚያርመው በእሱ ላይ ተመሥርቶ ነው። በሳምንት የታወቀ ቀንና ሰዓት በቪዲዮ ከልጁ ጋር ታውራ። ለዕረፍት ስትመጣ መጀመሪያ እናቱ ወይም አያቶቹ ባሉበት፣ ልጁ ሲለምድህ ደግሞ ብቻችሁን ታገኘው። እናትህም በወር አንድ ቅዳሜ ደሴ መጥተው ይዩት። አሳዳጊነቱ ግን ከእናቱ ጋር ይቀጥል፤ ይህንን አንተው ራስህ በአቤቱታህ ውስጥ ጻፈው። ያንን ዓረፍተ ነገር ያየች እናት እጇን ለማላላት ከባድ አይሆንባትም።

አባትነትህ ሲረጋገጥ ቀለብም አብሮ ይመጣል፤ እሱን አትርሳ። እናቱ ብትጠይቅ ፍርድ ቤቱ ከልጁ ፍላጎትና ከአንተ አቅም ጋር አመዛዝኖ ይወስናል። የደሴ ፍርድ ቤት እጁ ጅዳ ያለው ደመወዝህ ላይ ላይደርስ ይችላል፤ ኮምቦልቻ ያለህ ቦታ ወይም የባንክ ሒሳብ ላይ ግን ይደርሳል። እንደ ወንድምነት የምመክርህ ሳትጠየቅ መጠኑን አንተው እንድታቀርብ ነው።

ስለ ዝምታህ ጊዜ ሳልናገር አላልፍም። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ከተሞቹ ሲያዙ፣ ስልክም ባንክም ሲቋረጥ፣ ያልደወልክበትን ማንም አይፈርድብህም። እኛ እዚህ የነበርነው ራሳችን ከጎረቤት ጋር ተጠፋፍተን ነበር። ግን ከተሞቹ የተለቀቁት ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው፤ ስልኩም ከዚያ በኋላ ተመልሷል። ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ የአንተ ነው። "ሥራ ተበላሽቶብኝ" ብለሃል፤ እውነት ይሆናል፣ ባዶ እጅህን መደወል አሳፍሮህ ይሆናል። ስደት ላይ ያለ ወንድ ብር ሳይዝ ድምፁን ማሰማት የሚፈራው ነገር አለ፤ ብዙ ደብዳቤ ላይ አየዋለሁ። እሷ ግን ያኔ ከሕፃን ጋር ተሰዳ አዲስ አበባ ሰው ቤት ነበረች፤ ተመልሳ መጥታ የተዘረፈ ቤት ነው ያገኘችው። ያቺ ሴት የምትጠብቀው ብር ብቻ ይመስልሃል? ፍርድ ቤት ከመሄድህ በፊት ለዚህ ነገር ያለ ሰበብ፣ ያለ "ግን"፣ ይቅርታ ጠይቅ።

አያቱንም እንደ ጠላት አትያቸው። የልጁ አባት በወረቀት ባልተረጋገጠበት ጊዜ ልጅ በእናቱ ወገን ስም መጠራቱ ሕግም ልማድም የሚያውቀው ነገር ነው። አንተ በሌለህበት ክትባት የወሰዱት፣ በጦርነቱ አዝለው ያሸሹት፣ "አባትህ ማነው" ሲባል አፉ እንዳይዘጋ ስማቸውን የሰጡት እሳቸው ናቸው። ወንድምየው "አባት አለው" ያለህ ሊሰድብህ ብቻ አይመስለኝም።

ስለዚህ ክሱ ከመከፈቱ በፊት ሽማግሌ ላክ። ወሎ ነን፤ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቤት መኖሩን ከእኛ በላይ የሚያውቀው የለም፣ ሽማግሌውም እንዲሁ ቅልቅል ይሁን። ከእናትህ ወገን አንድ የተከበሩ አባት፣ ከእሷ ወገን አባቷ የሚያከብሯቸው ቄስ ወይም የእድር ሊቀ መንበር፣ ከተቻለም ያቺ የኮምቦልቻ አከራያችሁ። እናትህ ይሂዱ፣ ግን ዝም ብለው ይሂዱ፤ ንግግሩን ሽማግሌዎቹ ይጀምሩት። የመጀመሪያው ቃል "ልጃችንን" እንዳይሆን አስጠንቅቃቸው። "ልጁን ስላሳደጋችሁልን ልናመሰግን መጣን" ይበሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ይቀላል። ሽማግሌ አባትነትን በራሱ አይወስንም፤ የተስማማችሁበትን ግን በጽሑፍ አድርጋችሁ ለፍርድ ቤቱ ብታቀርቡት፣ የልጁን ጥቅም የማይነካ ሆኖ ሲያገኘው ሊያጸድቀው ይችላል። ለጠበቃ አቅም ካጣህም ወንድምህ በነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ቦታዎችን ይጠይቅ፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲን የሕግ ትምህርት ቤትም ያንኳኳ።

ማግባቷን በተመለከተ፦ ይህ የእሷ ጉዳይ ነው፤ በሽማግሌ ፊት እንዳታነሣው። የምታገባው ሰው በማግባቱ ብቻ የልጅህ አባት አይሆንም። አባት ሊሆን የሚችለው በጉዲፈቻ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ለጉዲፈቻ ሁለቱም ወላጆች በሕይወት ካሉና ከታወቁ ፈቃዳቸውን ይስጡ ይላል፤ አንደኛው ከሌለ ወይም ካልታወቀ ግን የሌላኛው ፈቃድ ይበቃል። "ካልታወቀ" የምትለዋ ቃል አንተን ትመለከታለች። ዛሬ በወረቀት ላይ ያልታወቅህ አባት ነህ። ሽምግልናው ቢጓተት እንኳ ቆንስላ ሄደህ ልጅነቱን መቀበልህን በጽሑፍ ማስቀመጥህን አታዘግየው የምልህ ለዚህ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ተቃራኒው ችግር ያለባቸው የደሴ ልጆችም ይጽፉልኛል፦ እነሱ እዚህ፣ ልጃቸው አውሮፓ። ለእነሱ የሚሠራው ልጁ የሚኖርበት አገር ሕግ ነው፣ አገሮቹም አንድ አይደሉም። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 1 ቀን 2003 ወዲህ ያላገባ አባት ስሙ ከእናትየው ጋር በልደት መዝገብ ላይ ከሰፈረ ወላጃዊ ኃላፊነት ያገኛል። ጀርመን ግን ስሙ በአባትነት ቢመዘገብም፣ ሁለቱም በጋራ የማሳደግ መግለጫ ካልሰጡ ወይም ፍርድ ቤት ካልወሰነ ወይም ካልተጋቡ ውሳኔው የእናት ብቻ ነው። ስለዚህ "ስሜ አለ" ብሎ መቀመጥ የትም አገር ላይ በእኩል አይሠራም። የእነሱን ደብዳቤ ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።

ለአንተ የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው። የትምህርት ቤት ምዝገባ ከመስከረም ይቀድማል፤ ፍርድ ደግሞ ከመስከረም በፊት ላይደርስ ይችላል። ልጁ አንደኛ ክፍል በአያቱ ስም ቢገባ ይግባ፤ ምዝገባውን ለማገድ እንዳትሞክር፤ ስም በኋላ በፍርድ ይስተካከላል። ቆንስላ ስትሄድ ፓስፖርትህን፣ የወንድምህን ሙሉ ስም ከነአያቱና የመታወቂያ ቁጥሩን ይዘህ ሂድ። ውክልናው ላይ ልጁን የምትጠራው አሁን በተመዘገበበት ስም ነው፤ በአንተ ስም አድርገህ ከጻፍከው ደሴ ያለው መዝገብ ቤት እንዲህ የሚባል ልጅ የለም ብሎ ይመልሰዋል፣ ወንድምህም ባዶ እጁን ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ትክክለኛውን አጻጻፍ ካላወቅህ መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ከአያቱ ጠይቀው ያምጡልህ።